የማኅበሩ የአየር ጠባይ

ሰው ማስተዳደርን የተማርሁት በበረዶ አገር ነው። በደርግ ዘመን የውጭ ትምህርት የሚገኘው ወዳጅ ከሚባሉት የሶሻሊስት አገሮች ነበርና፣ እኩዮቼ ሐኪምና መሐንዲስ ሊሆኑ ሲላኩ፣ ለእኔ ለድኅረ ምረቃ የደረሰኝ የሰው ኃይል አስተዳደርና የድርጅት ጠባይ የሚባል ትምህርት ሆነ። ቆቦ ላይ ዘመድ ልሰናበት ስዞር አንድ የሰፈራችን ሽማግሌ ምን ልማር እንደምሄድ ጠየቁኝ፤ ነገርኋቸው። "ሰው ማስተዳደር ደግሞ ትምህርት አለው እንዴ?" አሉ። "እኛን እኮ ሳይማሩ እያስተዳደሩን ነው።" ወዲያው ግራ ቀኛቸውን አዩና፣ "ቀልዴን ነው" ብለው ጨመሩ። በዚያ ዘመን ቀልድ ሁሉ የሚያልቀው እንዲሁ ነበር።

ትምህርቱ ከጠበቅሁት በላይ ሥዕል የበዛበት ነበር። አለቃ ከላይ ሣጥን ውስጥ ይቀመጣል፣ ሠራተኛ ከታች ሣጥን ውስጥ ይቀመጣል፣ በመካከላቸው ቀስት ይሰመራል። ከላይ ወደ ታች የሚወርደው ቀስት ደማቅ ነው፤ ከታች ወደ ላይ የሚወጣው ግን በነጠብጣብ የተሠራ ነበር። ለምን በነጠብጣብ እንደሆነ አማካሪዬን ብጠይቀው፣ "እሱ ገና በጥናት ላይ ነው" አለኝ። አማካሪዬ ወፍራም፣ ቀይ፣ ሳቂታ ሰው ነበር። በፈተና የማይጠየቅ ነገር ሲናገር ድምፁን ዝቅ ስለሚያደርግ፣ ከሚያስተምረው ሁሉ የማስታውሰው ድምፁን ዝቅ አድርጎ የነገረኝን ነው። አንድ ቀን፣ "አለቃህን ልታሳምን ስትፈልግ አትከራከረው፤ ሐሳብህን የራሱ ሐሳብ አስመስለህ መልስለት" አለኝ። ማስታወሻዬ ላይ እንኳ አልጻፍሁትም።

ይህ ሰው ዕድሜውን ሙሉ የደከመበት አንድ ንድፈ ሐሳብ ነበረው። በአንድ የሥራ ቦታ በሰዎች መካከል ያለው ስሜት፣ ፍቅሩም ቂሙም መተማመኑም ተደምሮ የአየር ጠባይ ይመስላል ባይ ነው። ሞቃት ማኅበር አለ፣ ቀዝቃዛ ማኅበር አለ፣ ለዘብ ያለ አለ፤ ሞቃቱ ብዙ ያመርታል፣ ቀዝቃዛው ይለግማል። የእኔም የመመረቂያ ጥናት በዚሁ ላይ እንዲሆን ተወሰነ። የመስክ ሥራውን የትም አገር ልሠራው እችል ነበር፤ እኔ ግን የቆቦን የገበሬዎች አምራች ማኅበር መረጥሁ። ለአማካሪዬ ያቀረብሁለት ምክንያት አምስት ገጽ ነው። እውነተኛው ምክንያት ብርዱ አጥንቴ ድረስ መግባቱ፣ ደግሞም ያሳደገችኝ አክስቴ የዚያ ማኅበር አባል መሆኗ ነው።

መጠይቁን ወደ አማርኛ የመለስሁት ራሴ ነኝ። መዝገበ ቃላቱ "የአየር ጠባይ" ይላል። ጠባይ የሚለውን ቃል ሳየው ደስ አለኝ፤ አየር እንኳ ጠባይ ካለው ማኅበር ጠባይ አያጣም አልሁ። "በማኅበራችሁ ውስጥ ያለው የአየር ጠባይ ምን ይመስላል? ሀ. ሞቃት፣ ለ. ለዘብ ያለ፣ ሐ. ቀዝቃዛ" ብዬ በሚያምር የእጅ ጽሑፍ ጻፍሁና ወደ አገሬ ገባሁ።

ቆቦ ስደርስ ሚያዝያ ነበር። ትልቁ ድርቅ ካለፈ ገና ብዙ አልቆየም፤ ከመጠለያ የተመለሰው ሰው ቤቱን እያደሰ፣ ሰማይ ሰማይ እያየ ይውላል። የማኅበሩ ሊቀመንበር ቀድሞ በጎብዬ ገበያ የከብት ደላላ የነበረ ሰው ነው፤ ጥርስ የሌላትን ላም ጊደር ናት ብሎ የመሸጥ ተሰጥኦውን አብዮቱ አላባከነበትም። ከአውራጃው የተጻፈልኝን ወረቀት ከንፈሩን እያንቀሳቀሰ አነበበ፤ አንድ ቦታ ላይ ሲደርስ ቀና ብሎ አየኝ፤ እንደገና አነበበ። ከዚያ ብረት ይዞ ተነስቶ ከደጁ ቁርቁራ ዛፍ ላይ የተሰቀለውን የመኪና ቸርኬ ደበደበው። ያ ቸርኬ የማኅበሩ ደወል ነበር።

ሰው ሲሰበሰብ ሊቀመንበሩ ትከሻዬን ያዘና፣ "ጓዶች! ተፈጥሮን በቁጥጥር ሥር የማዋሉ ትግል እነሆ ከደጃችን ደረሰ! መንግሥታችን የአየር ጠባይ የሚያጠና ባለሙያ፣ ያውም የራሳችንን ልጅ፣ ውጭ አገር አስተምሮ ልኮልናል!" አለ።

ሰው ተንጫጫ። ሙስሊሙ እጁን ወደ ላይ ዘርግቶ "አልሃምዱሊላህ" አለ፣ ክርስቲያኑ "ተመስገን" አለ። ከኋላ አንዱ፣ "ዝናቡን ዛሬ ይጀምራል ወይስ ያርፋል?" ብሎ ጮኸ። እኔ ላስረዳ አፌን ስከፍት ሊቀመንበሩ ወደ ጆሮዬ ጠጋ አለና፣ "ጓድ፣ ሕዝቡ ከስንት ዘመኑ ዛሬ ነው የሳቀው፤ አታበላሽብኝ" አለኝ።

አክስቴ ከፊት ተቀምጣ ነበር። እቴቴ ነው የምላት። ረጅም፣ ድምፀ ጎላ፣ ማንንም የማትፈራ ሴት ናት፤ ቤቷ ከቆቦ ወደ ጎብዬ በሚወስደው መንገድ ዳር ነው። ሁሉም ሲያጨበጭብ እሷ ሻሽዋን እያስተካከለች ታየኛለች። ቤት ስንገባ፣ "በል እስቲ፣ ምንድን ነው የተማርኸው?" አለችኝ።

"የሰማዩን አይደለም እቴቴ። በሰውና በሰው መካከል ያለውን የአየር ጠባይ ነው።"

"በሰውና በሰው መካከል? ትንፋሽ ነው?"

"ትንፋሽ አይደለም። እንዲህ ልበልሽ... ስትሰበሰቡ፣ አብራችሁ ስትሠሩ፣ ልባችሁ ሞቃት ነው ወይስ ቀዝቃዛ?"

"ኧረግ!" አለች። "ታዲያ ይኼን ለማወቅ በአውሮፕላን መሄድ ምን አስፈለገ? ፊታችንን አታየውም?" ብዙም አልተጨነቀችበትም። ጎረቤቶቿ ግን የዝናቡን ወሬ ሊጠይቁኝ ሲመጡ "አላውቅም" ስላቸው ዓይናቸውን ይጠቅሱኛል። የመንግሥት ምስጢር የያዝሁ መስሏቸው ነበር። አንዱማ፣ "ገባኝ፣ ገባኝ። አትንገረኝ። እንደው እኔ የጤፍ ማሳዬን ልረስ አልረስ፣ በዓይንህ ብቻ ንገረኝ" አለኝ። ትንኝ ዓይኔ ውስጥ ገብታ ነበርና ጨፈንሁ። በማግሥቱ በሬ ጠምዶ አየሁት።

መጠይቁን መሙላት ጀመርሁ። የራያ ቆላ ገበሬ በሚያዝያ ቀትር፣ ሽርጡን ታጥቆ፣ ላቡን በክንዱ እየጠረገ፣ የማኅበርህ የአየር ጠባይ ሞቃት ነው ለዘብ ያለ ወይስ ቀዝቃዛ ተብሎ ሲጠየቅ ምን እንደሚል መገመት አያቅትም። "እንዴ! ሞቃት ነው እንጂ!" ይለኛል፤ ምን ዓይነት ጥያቄ ነው በሚል ፊት። "ግንቦት ላይ ደግሞ ቆይተህ ብታየው።" ቀጣዩ ጥያቄ ሊቀመንበሩ ለአየር ጠባዩ ምን ያህል አስተዋፅኦ ያደርጋል የሚል ነበር። "ኧረ ምን በወጣው! የሌለበትን። የአላህ ሥራ ነው" አለኝ አንዱ፣ ሰው እንዳይወነጀል እየተከላከለ። የአየር ጠባዩን ለማሻሻል ምን መደረግ አለበት ስል ከፊሉ ዱዓ፣ ከፊሉ ምህላ አለ። በማኅበሩ ውስጥ ቅዝቃዜ የሚሰማህ መቼ ነው ስለው በጣም ያሰበ አንድ ሰው ነበር። "ኅዳር ላይ፣ ወደ ንጋት ገደማ። ጋቢዬም አርጅቷል" አለኝ። እሱን ጻፍሁት፤ ከሁሉም የተሻለ መልስ ነበር።

ነገሩ ሲበላሽብኝ ቃሉን ለመለወጥ ሞከርሁ። "የማኅበሩ መንፈስ እንዴት ነው?" ብዬ አንዲት ባልቴት ጠየቅሁ። ሴትዮዋ ደነገጡ። በሩ መዘጋቱን አዩና፣ "ዛር ማለትህ ነው? እሱን ከአብዮቱ ወዲህ ትተነዋል። ትተነዋል ብለህ ጻፍ" አሉኝ። ትተነዋል ብዬ ጻፍሁና ወደ አየር ጠባይ ተመለስሁ።

እንግዲህ ሁሉም ሞቃት አሉ። አንድም ቀዝቃዛ የለ፣ አንድም ለዘብ ያለ የለ። ሊቀመንበሩ መጥቶ ውጤቱን ሲጠይቀኝ ቃሉ የተወሰደው በሌላ ትርጉም መሆኑን አስረዳሁት፤ ቀስ ብዬ፣ በምሳሌ፣ ሁለት ጊዜ። በጥሞና አዳመጠኝ። ከዚያ፣ "ታዲያ ቀዝቃዛ ነው ብዬ ሪፖርት ላድርግ?" አለኝ። ያን ጊዜ የገባሁበት ገባኝ። ማኅበራችን ቀዝቃዛ ነው ብሎ ለአውራጃ የሚጽፍ ሰው በደርግ ዘመን አልተወለደም። "ሞቃት አብዮታዊ የአየር ጠባይ" ተብሎ ሪፖርቱ ሄደ።

አውራጃው ደስ አለው። ደስ ያለው መሥሪያ ቤት ደግሞ ዝም ብሎ አይቀመጥም፤ የዘር ዘመቻው ቀን ከዕቅዱ በፊት ይሁን፣ በየቤቱ ያለው ዘር ሁሉ ይሰብሰብ፣ የማኅበሩ ማሳ በአንድ ቀን ይዘራ የሚል ትእዛዝ መጣ። ዝናብ ግን ጠብ አላለም። መሬቱ ተሰነጣጥቆ እግር ይውጣል።

ትእዛዙ በመጣ ማግሥት ከሰዓት በኋላ ሊቀመንበሩ ወደ እቴቴ ቤት መጣ። ምን ፈልጎ እንደመጣ ሦስታችንም እናውቅ ነበር። እቴቴ ከመኝታዋ ሥር፣ አመድ ለውሳ በእንስራ የቀበረችው የአገር ማሽላ ዘር አላት። በእርዳታ የመጣው ዘር አጭር ነው፣ ወፍ ይጨርሰዋል፤ የእሷ ግን የሰው ቁመት አልፎ የሚሄደው፣ አገዳው ለከብት፣ ፍሬው ለእንጀራም ለቂጣም የሚሆነው ነው። ድርቁ ያንን ዘር ከየቤቱ ጠርጎ ወስዶታል። ሰው ዘሩን በልቶ ነው የተረፈው፤ ማንም አይፈርድበትም።

እቴቴ ለምን እንዳልበላችው ያን ቀን ነው የነገረችኝ፣ ሊቀመንበሩ "ነገ በስብሰባው ላይ ይዘሽ ነይ፣ ዘር የሚደብቅ ምን እንደሚባል ታውቂያለሽ" ብሎ ከወጣ በኋላ። ድርቁ ሲጠና ባሏ ታሞ ነበር። ወደ መጠለያ በሰው ትከሻ ሲወስዱት እጇን ይዞ፣ "ዘሯን እንዳትነኪያት። ለራሳችን መሬት ናት፤ በገዛ መሬታችን ካልሆነ እንዳትዘሪያት" አላት። ከመጠለያው አልተመለሰም። ይህን ስትነግረኝ አላለቀሰችም፣ ድምጿም እንደ ወትሮው ጎላ ያለ ነበር። እኔ ግን አለቀስሁ፤ እሱም እንደ ልጁ አድርጎ ነው ያሳደገኝ።

"እቴቴ፣ ዝናቡ መቼ እንደሚመጣ አታውቂም?" አልኋት። ዕድሜ ልኳን ገበሬ የሆነች ሴት ምልክት አታጣም ብዬ ነበር።

"ምን አውቄ!" አለችኝ። "እኔ አላውቅ፣ አንተ አታውቅ፣ ያ ደላላ አያውቅ። የማናውቅ ሰዎች ተሰብስበን ዘራችንን ባንድ ቀን አመድ ላይ የምናፈሰው ለምንድን ነው? እሱን ንገረኝ፣ ከተማርህ።"

ከትምህርቴ ውስጥ ለዚህ መልስ የሚሆን ሥዕል አልነበረም።

በማግሥቱ ከቁርቁራው ሥር ተሰበሰብን። የአውራጃው ካድሬ መጥቷል፤ ካኪ የለበሰ፣ ኪሱ ላይ ሁለት እስክሪፕቶ የሰካ ወጣት ነው። ሲናገር የሚጀምርበት ይታወቃል፣ የሚጨርስበት አይታወቅም። የዓለምን ሁኔታ ዳስሶ፣ አፍሪቃን አቋርጦ፣ ቆቦ ሲደርስ ፀሐይ አናታችን ላይ ነበረች። "የዚህ ማኅበር የአየር ጠባይ ሞቃት መሆኑ በሳይንስ ተረጋግጧል!" አለ። "ሞቃት ማኅበር ዝናብ አይጠብቅም! ሰኞ ይዘራል! በየጓዳው ያለ ዘር ሁሉ ዛሬ ይውጣ! ዘር የደበቀ አብዮቱን የወጋ ነው!"

ሰው ሁሉ ወደ እቴቴ አየ። እንስራዋን አላመጣችም። ብድግ አለች።

"ጓድ፣ እኔ ያልተማርሁ ነኝ፣ አንድ ነገር ልጠይቅ?"

"ጠይቂ እናቴ።"

"ዝናቡ መቼ ነው?"

ካድሬው ቀና ብሎ ሰማዩን አየ። ከዚያ ዓይኑ እኔ ላይ አረፈና ፊቱ በራ። "እሱን ጓድ ተመራማሪው ያብራራሉ" አለ።

ፈራሁ። ስለ ዝናብ አላውቅም ብል ሰኞ ይዘራል፣ እንስራው ይወጣል። የአየር ጠባዩ ሞቃት አይደለም ብል ከእቴቴ ቀድሜ የምታሰረው እኔ ነኝ። እቴቴ አሁንም ቆማለች፣ ታየኛለች፤ ያን ዓይኗን ልጅ ሆኜ ከዛፍ ስወድቅ ካየችኝ ጊዜ ወዲህ አይቼው አላውቅም። ያኔ አማካሪዬ ድምፁን ዝቅ አድርጎ የነገረኝ ትዝ አለኝ።

"ጓዶች" አልሁ፣ "ጓድ ካድሬው አሁን በንግግራቸው በጠቆሙት መሠረት..." ካድሬው ምን እንደጠቆመ ለማወቅ ጆሮውን አቆመ። "በጠቆሙት መሠረት፣ የማኅበሩ የአየር ጠባይ ሞቃት ብቻ አይደለም፣ እጅግ ሞቃት ነው። ይህን ያህል ሙቀት በአንድ ቀን ከወጣ ይባክናል። ጓድ ካድሬው እንዳሉት ዘመቻ ማለት ውጊያ ነው፤ ጦር ሁሉ በአንድ ቀን አይሰለፍም። በመጀመሪያው ዙር ግማሹ የእርዳታ ዘር ይሰለፋል። በሁለተኛው ዙር ቀሪው። የአገር ዘር ደግሞ ዋናው ኃይል ስለሆነ..." ምን እንደምል ጠፋኝ። "...በተጠባባቂነት ይቆያል።"

ካድሬው ከኪሱ አንዱን እስክሪፕቶ አወጣ። "ተጠባባቂ ዘር" አለ ለራሱ፣ ማር እንደሚቀምስ። "ተጠባባቂ ዘር! ትክክል! እኔም ልገባበት የነበረው እዚያ ነው!" ከዚያ ተነሳና ልገባበት ነበር ወዳለው ነገር ገባ፤ ጦር ግንባርን፣ ደጀንን፣ ስንቅን እያነሳ ብዙ ተናገረ። በመጨረሻም ተጠባባቂው ዘር በኃላፊነት የሚጠብቀው ሰው ያስፈልገዋል አለ። ሊቀመንበሩ ወዲያው እጁን አወጣ። እቴቴ ግን ገና አልተቀመጠችም ነበር።

"እኔ ቤት ነው ያለው" አለች። "እኔ ላዩ ላይ ተኝቼ እጠብቀዋለሁ።"

እቴቴ በጭብጨባ የተጠባባቂ ዘር ኃላፊ ሆና ተሾመች። የገዛ ዘሯን በገዛ አልጋዋ ሥር ስለጠበቀች እንደ ማንኛውም ሠራተኛ የምርት ድርሻ የሚከፈልበት የሥራ ነጥብ እንዲያዝላትም ተወሰነ። ወደ ቤት ስንሄድ መንገድ ላይ፣ "ቅድም ምን አልሃቸው? እኔ አንዱም አልገባኝም" አለችኝ። "እኔም አልገባኝም" አልኋት። ሳቋ ሲመጣ ቆማ የአጥር እንጨት ያዘች። ከድርቁ ወዲህ ስትስቅ የሰማኋት ያን ቀን ነው፤ ደስታዬን የምናገርበት ቃል የለኝም።

የመጀመሪያው ዙር ሰኞ ተዘራ። የሚገርመው በሳምንቱ ዝናብ ጣለ፤ ሰው በቤቱ በር ላይ ቆሞ "ወላሂ ልጁ ያውቃል!" አለኝ። ቡቃያው ብቅ ሲል ዝናቡ ጠፋ፣ ፀሐዩ በረታ፣ ማሳው አረረ። ካድሬው ጥፋቱ በአጎራባች ማኅበራት ቀዝቃዛ የአየር ጠባይ ምክንያት የመጣ ነው ብሎ ጻፈ። ሰው ግን ሰላምታ ነሳኝ። ገበያ ስሄድ ወሬ ይቆማል፣ ስቀመጥ ሰው ይነሳል። የማኅበሩ የአየር ጠባይ እውነትም ቀዘቀዘ፤ መጠይቁ ግን ተሰብስቦ አልቆ ነበር። እቴቴ ብቻ፣ "አብሽር፣ ቀሪው ተርፏል አይደል?" ትለኛለች። ሁለተኛው ዙር ከሄድሁ በኋላ፣ በደህና ዝናብ ተዘርቶ እንደበቀለ ሰማሁ።

በበረዶው አገር ጥናቴን ሳቀርብ አማካሪዬ ደስታው ልክ አልነበረውም። በሙያው ዘመን ሁሉ አንድም ቅዝቃዜ ያልተገኘበት ማኅበር ገጥሞት አያውቅም። እኔ ስለ ቃሉ ትርጉም የጻፍሁትን አንድ ሙሉ ምዕራፍ አንብቦ፣ "ይህ አስፈላጊ አይደለም፣ አባሪ ውስጥ አስገባው" ብሎኝ ነበር። ከገምጋሚዎቹ አንዷ መነጽሯን ዝቅ አድርጋ፣ "እንዴት ጨርሶ ቅዝቃዜ አይኖርም?" ብላ ጠየቀችኝ። "ኅዳር ላይ ወደ ንጋት ገደማ አለ" አልኋት። መልሴን ጻፈችው። በማዕረግ ተመረቅሁ።

ከተመለስሁ በኋላ አንድ ትልቅ መሥሪያ ቤት የሠራተኛ አስተዳደር ክፍል ውስጥ ተመደብሁ፤ ሣጥን እየሣልሁ ቀስት አሰምር ጀመር። ቆቦ ስሄድ እቴቴ አሁንም ኃላፊ ነበረች። ዘሩ እንዳይሞትባት በየዓመቱ ከእንስራው ጥቂት እያወጣች በጓሮዋ፣ በገዛ አፈሯ ላይ ትዘራና በአዲስ ትተካዋለች። ሊቀመንበሩ ወደ ማኅበሩ ማሳ እንዲወጣ በጠየቃት ቁጥር ግን፣ "ተጠባባቂ ነው፤ ከአውራጃ ትእዛዝ አምጣ" ትለዋለች። አውራጃው ደግሞ ተጠባባቂው መኖሩን በየዓመቱ እንደ ድል እየቆጠረ ስለሚጽፈው፣ አውጡት ብሎ ድሉን ማጣት አልፈለገም።

ከዚያ ጦርነቱ ከሰሜን እየገፋ መጣ። እኔ እቴቴን ወደ ደሴ ላሽሻት ብዬ ቆቦ ገባሁ። ወሩ ሚያዝያ ነበር። ካድሬው ከመምጣቴ ጥቂት ቀደም ብሎ በጭነት መኪና ወደ ወልድያ ለስብሰባ ሄዶ፣ ስብሰባው እንደ ንግግሩ ሳያልቅ ቀርቷል። እቴቴን ያገኘኋት ከቁርቁራው አጠገብ ነው። ማኅበሩ ፈርሶ ማኅበርተኛው በሬ እየተካፈለ ነበር። ማንም አላዘዘውም፣ ማንም ቸርኬ አልደበደበም፤ ዕጣ ይጣላል፣ ይጨቃጨቃል፣ ይሳሳቃል። ሊቀመንበሩም ከመሀል ቆሞ ዕጣውን ይጠብቃል፤ ጥርስ የሌለው በሬ ደርሶት ሰው ሁሉ ከልቡ ሳቀበት፣ እሱም ራሱ ሳቀ። መሬቱም በየድሮው ድንበሩ ተመልሶ ነበር። እኔ ሻንጣሽን እሰሪ ልላት የመጣሁት ሰው፣ ከልማድ የተነሳ፣ ለቀልድ ያህል ጠየቅኋት።

"እቴቴ፣ የአየር ጠባዩ እንዴት ነው?"

ወደ ሰማይ አላየችም። በሬ የሚካፈሉትን ሰዎች አንድ በአንድ አየቻቸው።

"አሁን ደህና ነው" አለችኝ። "የሰዉን ማለቴ ነው። የሰማዩን አላህ ያውቃል።"

ደሴ አልሄድም አለች። ቤት ገብተን መኝታዋን አነሳንና እንስራውን አወጣሁላት። ዘሩን ሰፌድ ላይ አፈሰሰችው፣ አመዱን አበጠረች፣ የባሏን ስም ጠርታ፣ "በገዛ መሬታችን" አለች። ከዚያ ግማሹን በሻሽዋ ቋጠረችና ወደ ማሳዋ ልትወጣ ስትል ከበሩ ላይ ዞራ ሰፌዱ ላይ የቀረውን አሳየችኝ።

"ያንን መልሰህ ቅበረው" አለችኝ። "ካድሬው ነው እንጂ የሄደው፣ እኔን እኮ ማንም ከሹመቴ አልሻረኝም።"

አመድ ለውሼ ቀበርሁት።